የቀድሞ አውቶሞቢል ጠባዩ ሳይለወጥ እንዴት ሊቀዘቅዝ ይችላል?

(በሬዲዮ ከተነገሩት ትምህርታዊ ንግግሮች የተወሰደ)

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ካፖርቱን አውልቆ የመኪናውን መስኮት እንደሚከፍት የታወቀ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። መንገደኛው በዚያ ሳይወሰን በባቲ በኩል አልፎ ወደ ሚሌ የወረደ እንደ ሆነ ግን፣ ከደሴ 2,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከአፋር በረሃ ሐሩር ውስጥ ይገባል። በዚያም በሰኔ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። በፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ዝግ መኪና ደግሞ ውስጡ ከውጭው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ቮልስዋገኖች፣ ፊያቶች፣ ፔጆዎችና ላንድሮቨሮች ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ አባት ለልጅ ያወረሳቸው ናቸው። ባለመኪናው በአንድ ወገን ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቹን ወይም ሕፃናት ልጆቹን በሐሩር ይዞ መጓዙ ያስጨንቀዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው መኪና በመጋዝና በብየዳ ሲጎዳ ማየት አይፈልግም። እንግዲህ ጥያቄው፣ ቅዝቃዜንና የመኪናውን የጥንት ጠባይ ማስታረቅ ይቻላልን? የሚል ነው። መልሱም፣ በጥንቃቄ ከተሠራ ይቻላል፤ ጥንቃቄውም በአንድ ደንብ ይጠቀለላል፤ ይኸውም የሚጨመረው ሁሉ፣ ሲፈለግ ምልክት ሳይተው የሚነሣ ይሁን፤ የሚል ነው።

ይህ ደንብ ስለምን እንዳስፈለገ አስቀድሞ መረዳት ይገባል። መኪና የሰውና የዕቃ ማመላለሻ ከመሆኑም በላይ የተሠራበትን ዘመን የሚናገር ምስክር ነው። ይህንንም ለማስተዋል የሚሻ ቢኖር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። ያቺ ትንሽ መኪና በዓይነቷ ከሌሎቹ ቮልስዋገኖች የተለየች አልነበረችም፤ ነገር ግን ዘመኑን ያየ ሰው የእነዚህን መኪኖች ቅርጽ በተመለከተ ቁጥር ያ ቀን ይታወሰዋል።

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ በአገር ውስጥ ያሉት የቀድሞ መኪኖች ዋጋቸው ሲታወቅ አይታይም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ወሰነ። ስለዚህ ዛሬ ዳሽቦርዱ በመጋዝ የተቆረጠ የቀድሞ መኪና ቢኖር፣ በእርሱ ፈንታ ያልተቆረጠ ሌላ አስመጣለሁ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የተቆረጠው ላሜራ እንደ ተቆረጠ ይቀራል።

በዚህ ነገር የሌላው ዓለም ባለሙያዎችም ብዙ አስበውበታል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. «የቱሪን ቻርተር» የተባለውን የመመሪያ ሰነድ አጽድቋል። የዚህም ሰነድ አሳብ ባጭሩ፣ ከመኪናው ዘመን ውጭ የሆነ ነገር መጨመር ግድ ቢሆን ጭማሪው የማይጎላ፣ የመኪናውን ዋና አካልና መልክ የማይነካ፣ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ሊመለስ የሚችል ይሁን፤ የወለቁትም የጥንት ክፍሎች ከመኪናው ጋር ይጠበቁ፤ የሚል ነው።

አንዳንድ ሰው ግን፣ በአሮጌ መኪና ላይ ማቀዝቀዣ መግጠም ራሱ ከዘመኑ ጋር የማይስማማ ነው ይል ይሆናል። ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1939 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካው የተገጠመ የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ለሕዝብ አሳየ። መሣሪያው ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ስፍራ ብዙውን ክፍል ይይዝ ነበር። የሚያስገርመውም፣ ለማጥፋት የሚያገለግል ማለያያ ስላልነበረው፣ ብርድ ሲመጣ ሞተሩን አቁሞ ቺንጋውን ማውለቅ የግድ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. ናሽ የተባለው ኩባንያ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አጣምሮ ከፊት ለፊት በኮፈኑ ሥር አስገባው። ከዚያም በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዳሽቦርድ ሥር የሚንጠለጠሉ ማቀዝቀዣዎች በአሜሪካ በብዛት ይሸጡ ነበር። መኪና ሻጮች ለቮልስዋገን ሳይቀር ይገጥሟቸው ነበር። እንግዲህ በጥንቃቄ ከዳሽቦርድ ሥር የተንጠለጠለ ትንሽ መሣሪያ፣ በዚያው በመኪናው ዘመን የነበረ ልማድ እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በቤታችን ያለው የሸክላ እንስራ ውሃን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየው፣ በሸክላው ስስ ቀዳዳዎች ላቡን አውጥቶ ያ ላብ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ሐኪም መርፌ ከመውጋቱ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲቀባን የሚሰማን ቅዝቃዜም ከዚሁ የመጣ ነው። ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። እንፋሎትም ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን የወሰደውን ሙቀት ይለቃል። የመኪና ማቀዝቀዣ ይህንኑ በዝግ ቱቦ ውስጥ እየደጋገመ የሚሠራ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው አራት ዋና ክፍሎች አሉት። ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ጋዙን ያምቀዋል፤ የታመቀውም ጋዝ ይሞቃል። ኮንደንሰሩ ከፊት ለፊት ተቀምጦ የጋዙን ሙቀት ለውጭው አየር ይሰጣል፤ ጋዙም ወደ ፈሳሽ ይለወጣል። ከዚያ ፈሳሹ በጠባብ ቫልቭ በኩል ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርድና እጅግ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻም በመኪናው ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር እንፋሎት እየሆነ፣ ቬንትሌተሩ የሚነፋውን አየር ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያጓጉዝ ተሸካሚ ነው ማለት ይቻላል። ተሸካሚም ያለ ጉልበት አይሠራም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ባለመኪና በተለይ ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ በመቶ 3 ያህል ያጣል። በደሴ ከፍታ ላይ የሚጎድለው ሩብ ያህል ነው። ምሳሌ እንውሰድ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ 1200 ሲሲ ቮልስዋገን 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከዚህ ላይ ሩቡ ሲነሣ 25 ወይም 26 ይቀራል። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ከ3 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። እንግዲህ አራት ሰው ጭኖ ሐረጎን ለሚወጣ መኪና የሚተርፈው ጉልበት ከ20 እስከ 23 ብቻ ነው። በሜዳ ላይ ሊታገሥ የሚችለው ሸክም በአቀበት ላይ ከባድ እንደሚሆን ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው የከፍታ ነገር የራዲያተሩ ውሃ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ በደሴ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊትን በመያዝ ይህን ነጥብ ከፍ ቢያደርገውም፣ የብዙ ቀድሞ መኪኖች ክዳን የሚይዘው ግፊት ከዛሬዎቹ ያነሰ ነው። ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር አስቀድሞ የሞቀ ይሆናል። ስለዚህ በውሃ በሚቀዘቅዙ እንደ ፔጆ 404 ባሉ መኪኖች ላይ፣ ራዲያተሩ ሳይጠረግና የውሃ ፓምፑ ሳይመረመር ማቀዝቀዣ መግጠም ሞተሩን ማቃጠል ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስዋገን ከዚህ ችግር ነፃ ቢሆንም፣ ኮንደንሰሩ ከኋላው ክዳን ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር እንዳይጋርደው መጠንቀቅ ያሻል። ለዚህም ከወለሉ በታች የራሱ ቬንትሌተር ያለው ኮንደንሰር መግጠም ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ኤሌክትሪክ ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የተሠሩ ብዙ ቮልስዋገኖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ዲናሞአቸው 180 ዋት ያህል ብቻ ይሰጣል። የማቀዝቀዣው ቬንትሌተርና የኮምፕሬሰሩ ማለያያ 150 ዋት ያህል ቢወስዱ፣ ለፊት መብራትና ለዝናብ መጥረጊያ የሚተርፍ የለም ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው መኪና ላይ ወደ 12 ቮልት መለወጥ ግድ ይሆናል፤ ይህም ሲደረግ የወለቀው ዲናሞ፣ ባትሪ መቆጣጠሪያና አምፖል ሁሉ በአንድ ሣጥን ተጠብቆ ይቀመጥ። አንዳንድ የእንግሊዝ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ከባትሪው ከአካሉ ጋር የሚታሠረው ፖዘቲቩ ነው። መካኒኩ ይህን ሳያስተውል አዲስ ዕቃ ቢያስር ዕቃው ወዲያው ይቃጠላል።

ውድ አንባቢ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ቅዝቃዜ ከመጨመር በፊት ሙቀትን መከልከል ይቀድማል። የዚህም ሥራ ወጪው አነስተኛ ሲሆን የመኪናውን ጠባይ ፈጽሞ አይነካም። በጣሪያው ጨርቅና በወለሉ ምንጣፍ ሥር ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ያስገቡ። የደረቁትን የበር ጎማዎች በአዲስ ይለውጡ። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ባለው ላሜራ ላይ ያሉትን ክፍት ቀዳዳዎች በጎማ ክዳን ይድፈኑ። የቮልስዋገን ባለቤት ከሆኑ፣ የማሞቂያው ክዳኖች ዝገው ክፍት ሆነው እንዳልቀሩ ያስመርምሩ፤ በበጋ ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና። ከበሩ ፊት ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስኮት ለዚሁ ጉዳይ የተሠራች ስለሆነች፣ ሲሄዱ ወደ ውስጥ ያዙሯት፤ ነፋሱን ይዛ ታስገባለች። ሲያቆሙም ጥላ ይፈልጉ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ዝቅ የማይል ሰው ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ማቀዝቀዣ ላያስፈልገው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማቀዝቀዣው አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ግን፣ ለመካኒኩ ከሥራው በፊት የሚከተሉት ነገሮች ይነገሩት።

1ኛ/ ኢቫፖሬተሩ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ቀድሞ ባሉት ብሎኖች ላይ በሚታሠር ማንጠልጠያ ይቀመጥ። ለአየር መውጫ ተብሎ ዳሽቦርድ አይቆረጥም። ማብሪያውም ከሥር በኩል በማይታይ ስፍራ ይሁን።

2ኛ/ የኮምፕሬሰሩ መያዣ በቶርኖ ቤት በልክ ተሠርቶ፣ በሞተሩ ላይ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች ይታሠር። የሞተሩን አካል መብሳትም ሆነ በእርሱ ላይ መበየድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ቺንጋው ከሞተሩ ፑሊ ጋር ቀጥ ብሎ ካልተሰለፈ ቶሎ ይበላል።

3ኛ/ ቱቦዎቹ ቀድሞ በነበሩት ቀዳዳዎች ይለፉ፤ ላሜራው እንዳይቆርጣቸውም በጎማ ቀለበት ይጠበቁ። ከትኩስ የጭስ ማውጫ ይራቁ። ከኢቫፖሬተሩ የሚንጠባጠበው ውሃም በትንሽ ቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ። ውሃው በምንጣፍ ሥር ከተጠራቀመ ወለሉን ያዝገዋል፤ የቀድሞ መኪና ትልቁ ጠላትም ዝገት ነው።

4ኛ/ የኤሌክትሪኩ መሥመር ከባትሪው የሚነሣ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝና ሪሌ ይኑረው። የጥንቱ ሽቦ አይቆረጥ፤ አይቀጠልበትም።

5ኛ/ ራዲያተሩ በቂ ካልሆነ፣ በውጭ መልኩ የጥንቱን የሚመስል ግን ውስጡ የሰፋ ሆኖ ይሠራ፤ የጥንቱም አይጣል።

ስለ ጋዙ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞ ዘመን የሚያገለግለው አር-12 የተባለው ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የኦዞን ሽፋን ስለሚያጠፋ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደረገ። በመኪኖችም ላይ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሱ ፈንታ አር-134ኤ ገባ። ይህኛው ኦዞንን ባይነካም፣ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ የበረታ ስለሆነ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ በተደረሰው ስምምነት እርሱም ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተወስኗል። ስለዚህ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ ነውርም ጉዳትም ነው። ሁለቱ ጋዞች የሚፈልጉት ዘይት የተለያየ በመሆኑ አይደባለቁም። አር-12 ይዞ የነበረ አሮጌ መሣሪያም ሳይታጠብና ቱቦዎቹ ሳይለወጡ አዲሱ ጋዝ አይገባበትም። ጋዙ ከመግባቱ በፊት ደግሞ በውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት፤ እርጥበት ከቀረ በጠባቡ ቫልቭ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። ከሁሉ ይልቅ፣ ዋጋው ረከሰ ተብሎ የማብሰያ ጋዝ በመኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳይሞላ አጥብቀን እናሳስባለን። ቱቦው ቢቀደድ በተሳፋሪው መካከል እሳት ይነሣልና።

ሞተሩን መድከም ለማይሹ ሌላ የቀድሞ ዘዴም አለ። በ1930ዎቹና በኋላም እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ደረቅ በረሃዎች የሚጓዙ ሰዎች፣ ውሃ የያዘ ሲሊንደር በመስኮት ላይ አንጠልጥለው ነፋሱ በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ አልፎ እንዲገባ ያደርጉ ነበር። ይህ የእንስራው ጥበብ ነው። በአፋር ደረቅ አየር ውስጥ ጥሩ ይሠራል። በኮምቦልቻ ክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ እምብዛም አይረዳም። መኪናውን ምንም አለመንካቱ ግን ትልቅ ጥቅሙ ነው።

መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ አነዳዱም ከመሣሪያው ጋር ይስማማ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ ሐረጎ ከመድረስዎ በፊት ማቀዝቀዣውን ያጥፉ። አቀበቱን በጨረሱ ጊዜ የደሴ አየር ራሱ ያቀዘቅዝዎታል። የሙቀት መለኪያውን ዘወትር ይመልከቱ፤ መርፌው ወደ ላይ ከሄደ አስቀድመው ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ ካልወረደም ቆመው ሞተሩን ያሳርፉ። የፈላ ራዲያተር ክዳን ሳይበርድ አይከፈት። ወደ ባቲ ሲወርዱ ግን ሞተሩ ሸክም ስለማይኖርበት ማቀዝቀዣው ያለ ችግር ይሠራል። ነገር ግን በቁልቁለት የሚያስተማምነው ዝቅተኛ ማርሽና ደኅና ፍሬን ነው። ለቅዝቃዜ የሚወጣው ገንዘብ ከፍሬን ጥገና ተቀንሶ የተገኘ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

በመጨረሻ የምንለው ስለ ጽሑፍ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መኪናው ከውስጥም ከውጭም ፎቶግራፍ ይነሣ። የተጨመረው ዕቃ ዓይነት፣ የተጨመረበት ቀንና ስፍራ፣ የወለቀው ክፍልና ያለበት ሣጥን በአንድ ደብተር ተመዝግቦ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። ለውጡ በዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ጥያቄ የሚያስነሣ እንደ ሆነም፣ ከሥራው በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ከኋላ ጣጣ ያድናል። ፋብሪካው ከሠራው በኋላ አንዳች ሳይነካ እስከ ዛሬ የቆየ መኪና ያለው ሰው ግን፣ ምንም ሳይጨምር እንደ ነበረ ቢጠብቀው እጅግ የተሻለ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ዛሬ ጥቂት ነውና።

መኪናው ለእኛ ከአባቶቻችን እንደ ደረሰን፣ ከእኛም ወደ ልጆቻችን ያልፋል። እነርሱ ምናልባት ማቀዝቀዣውን አይሹት ይሆናል፤ ምናልባትም መኪናው በ1950ዎቹ እንዴት እንደ ነበረ ለማየት ይፈልጉ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥቂት ብሎኖች ፈትተው፣ ሣጥኑን ከፍተው፣ ደብተሩን አንብበው የቀድሞውን ማግኘት ይችሉ ዘንድ፣ ዛሬ መሣሪያውን የሚገጥመው መካኒክ ነገ የሚፈታውን ሰው አስቦ ይሥራ።